አንድ ደቂቃ ሰላምታ

ወሬ አላበዛም ብዬ ብጀምር የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቁብኛል። አበዛለሁ። ሰው ቤት ስገባ ገና ሳልቀመጥ የልጆቹን፣ የጉልበቱን፣ የጎረቤቱን፣ የመኪናውን ደህንነት ሳይቀር ጠይቄ ነው የማርፈው። ያደግኩት እንዲህ ነው። ሰላምታ ያሳጠረ ሰው ወይ ተቀይሟል ወይ ሊበደር መጥቷል ይባል ነበር ሰፈራችን። ይህ ልማዴ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ፣ የአሥራ አራት ዓመት ጓደኛዬን ሊያሳጣኝ ደረሰ። ታሪኩን ለብዙ ሰው አውርቼው አላውቅም። ዛሬ የምጽፈውም ጀግንነት ስላለበት አይደለም፤ ብቻዬን መሸከሙ ስለሰለቸኝ ነው።

ያን ጊዜ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከባለቤቴና ከልጄ ከሩት ጋር ሄይዋርድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ተከራይተን እንኖራለን፤ ሥራዬ ግን ኦክላንድ ነው። የመናፈሻ ሠራተኛ ነኝ። ሣር አጭዳለሁ፣ ቅጠል እጠርጋለሁ፣ ሰው የጣለውን እለቅማለሁ፣ ሐውልትም አጥባለሁ። ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ መናፈሻ ውስጥ የነሐስ ሰውዬ ቆሟል። በግራ እጁ ባርኔጣውን ይዟል፣ በቀኝ እጁ ሰፈሩን ያሳያል። መሬቱን ሸንሽኖ፣ መንገዱን ቀይሶ፣ ቤቶቹን ሠርቶ የሸጠ ሰው መሆኑ ከእግሩ ስር ተጽፏል። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ክላረንስ «ባለ ባርኔጣው» ነበር የምንለው። በዓመት ሁለቴ በለስላሳ ሳሙና አጥበን ሰም እንቀባዋለን። የኮቱን ቁልፎች ቁጥር ከልጄ ስልክ ቁጥር ይልቅ አውቀዋለሁ።

ክላረንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ተጎታች ያለው መኪና ወደ ኋላ ማስኬድ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት አጥር ደርምሼ አለቃችን ሲያፈጥብኝ «በዚያ በኩል ና ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጥፋቴን ወሰደልኝ። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ዌስት ኦክላንድ እናቱ ቤት ምሳ ይዞኝ ይሄዳል። እናቱ ሚስ ኦፓል ይባላሉ። እኔ እንደ ልማዴ በር ላይ ቆሜ ጉልበትዎስ፣ እንቅልፍዎስ፣ ያ ሬዲዮ ተሠራ ወይ፣ የጎረቤትዎ ድመት ተመለሰች ወይ እያልኩ ስደረድር፣ «ልጄ፣ ሾርባው እኮ ቀዘቀዘ» ይሉኝና ይስቃሉ።

ይሁንና በልቤ አንድ ነገር ነበረ፤ ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። በዚህ አገር ስለ ጥቁርና ነጭ ሲወራ «እሱ የእነሱ ጉዳይ ነው» እል ነበር። እኛ ሌላ ነን፣ እኛ ሐበሾች ነን። ፖሊስ መንገድ ላይ ባስቆመኝ ቁጥር ግን «ለመሆኑ ሐበሻ ነህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም የለም። እንዲህ ሆኖም አልባነንኩም።

በየከተማው በዘረኝነት የተወቀሱ ሰዎች ሐውልት የሚወርድበት ሰሞን መጣ። ባለ ባርኔጣው ላይም ቀይ ቀለም ይደፋ ጀመር። ሰኞ እናጥባለን፣ ዓርብ ይደፋል። ሰኞ እናጥባለን፣ ዓርብ ይደፋል። እጄ በቀለም ማስለቀቂያው ተላጠ። ከዚያ ነገሩ የከተማ ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ። ይውረድ የሚሉና አይነካ የሚሉ ተሰልፈው ሁለት ጊዜ ተከራከሩ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሕዝብ አይናገርም፤ ኮሚቴው ድምፅ ይሰጣል፣ በቃ።

ዋዜማው ሰኞ ጠዋት መናፈሻው ውስጥ ሣር ሳጭድ ሚስ ዶሮቲ መጡ። ሚስ ዶሮቲ ከመናፈሻው ማዶ የሚኖሩ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ነጭ ሴት ናቸው። ከጓሯቸው ሎሚ ለቅመው በወረቀት ከረጢት ያመጡልኛል። ከሎሚው በላይ ደግሞ ሩት ኮሌጅ ለመግባት ስትጽፍ ሁለት ወር ሙሉ ሰገነታቸው ላይ አስቀምጠው ጽሑፏን ያረሙላት እሳቸው ናቸው።

«ታምራት፣ ነገ መጥተህ አንድ ቃል ትናገርልኛለህ?» አሉኝ።

«ስለ ምን?»

«ስለ ሐውልቱ። እንዴት አድርገህ እንደምትንከባከበው ብቻ ንገራቸው። ባለቤቴ አግቢኝ ያለኝ እኮ እዚህ ስር ቆሞ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት የማየው ይህንን ነው።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ልጄን ያስተማሩልኝ አሮጊት፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ፊቴ ቆመው! «እሺ ሚስ ዶሮቲ፣ ምን ችግር አለ» አልኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከክላረንስ ጋር መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ስንበላ ሳንድዊቹን አስቀመጠና ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ ወረቀት አወጣ።

«ያ ነጩ ቤት ይታይሃል?» አለኝ። «እናቴ ልጃገረድ ሳለች እዚያ ነበር የምትሠራው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ትተኛ ነበር። አባቴ ወደብ ላይ ይሠራል። ሲጋቡ አጠራቅመው ከዚህ ሁለት መንገድ ወዲያ ቤት ሊገዙ ሄዱ። ሻጩ ይህን አሳያቸው። ኮፒውን እናቴ ለምና ወሰደች። እስከ ዛሬ አልጣለችውም።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። የቤት ውል ነው። ከመሐሉ አንድ አንቀጽ ተሰምሮበታል። በዚህ ቦታ ላይ በሚሠራ ቤት ውስጥ ከነጭ ዘር በቀር ማንም ሊኖርበት አይችልም ይላል፤ የባለቤቱ አገልጋይ ሆኖ ካልሆነ በስተቀር። ከስሩ ፊርማ አለ። ፊርማው የባለ ባርኔጣው ነው።

«አገልጋይ ሆና መተኛት ትችላለች፤ ባለቤት ሆና መተኛት አትችልም» አለ ክላረንስ። «ባለፈው ስብሰባ ላነበው ሞከርኩ። አገልጋይ የሚለው ጋ ስደርስ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ከዚያ ጮህኩ። አስወጡኝ። እናቴ በቴሌቪዥን ታየኝ ነበር።»

ወረቀቱን ልመልስለት ስል እጄን መለሰው።

«አንተ የተረጋጋህ ሰው ነህ፤ ስትናገር ሰው ይሰማሃል። ነገ አንብብልኝ። እናቴ ዘጠና ሦስት ዓመቷ ነው ታም። ይህ ወረቀት እዚያ አዳራሽ ሲነበብ ሳልሰማ አልሞትም ትላለች።»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። «ክላረንስ፣ ጠዋት ለሚስ ዶሮቲ እሺ ብያለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። «እሺ» አልኩ፤ ወረቀቱንም አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ማታ እራት ላይ ለልጄ ነገርኳት። ሩት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ለሁለቱም የስ አልክ?»

«ሁለቱንም አስማማቸዋለሁ።»

«ዳድ፣ ኢት ኢዝ ኖት ሽምግልና! ሂሪንግ ነው፣ የሕዝብ ስብሰባ።»

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለውን ተረት ለልጄ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያን ማታ ግን ትዝ ያለኝ ሌላ ነገር ነው። በእኛ ማኅበር ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪክና ሸሪክ ሲካሰሱ ለሽምግልና የምጠራው እኔ ነኝ። ታምራት ከገባበት ነገር ይበርዳል ይሉኛል። ደግሞም ዘዴው አለኝ። በሽምግልና መጀመሪያ የምትወቅሰውን ሰው ታመሰግነዋለህ። ደግነቱን፣ ወግ ማዕረጉን፣ የዘር ሐረጉን ታነሳለታለህ። ልቡ ለስለስ ሲል፣ ጆሮው ሲከፈት፣ ያን ጊዜ «ግን» ትላለህ። ነገሩ ያለው ከግን በኋላ ነው። ከግን በፊት ያለውን ሁሉም ሰው የሚሰማው እንደ እጅ ውሃ ነው፤ ማዕዱ ገና እንደሚመጣ ያውቃል። እናም አሰብኩ። መጀመሪያ ለሚስ ዶሮቲ ሐውልቱን አመሰግናለሁ። ቀጥሎ «ግን» እልና የክላረንስን ወረቀት አነባለሁ። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል፣ እኔም ተመስግኜ እወጣለሁ። እንዲያውም ንግግሬን መስታወት ፊት ተለማመድኩት። አላፍርም ብላችሁ ነው?

ማክሰኞ ሱፌን ለብሼ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ክላረንስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ እንዳየኝ ደረቱን መታ መታ አደረገ፤ ወረቀቱን ይዘሃል ወይ ማለቱ ነው። እኔም ኪሴን መታ አደረግኩ። ሚስ ዶሮቲ በሌላው ወገን ከፊት ተቀምጠው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ለእሳቸውም ጎንበስ አልኩ። ሁለት ወገን መሐል ቆሜ ለሁለቱም ፈገግ ማለት ያን ጊዜ ሰላም ፈጣሪ የሆንኩ አስመስሎኝ ነበር።

ለመናገር ሦስት ደቂቃ ነው ተብሎ ነበር የተነገረን። ሊቀመንበሯ ግን የተመዘገበውን ሰው ብዛት አየችና «ይቅርታ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብቻ» አለች። ሰማሁ። አልሰማሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም። ብቻ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሲናገር ማን ያቋርጣል ብዬ ነው የናቅኩት።

ሰዎቹ እየተነሱ ይናገራሉ። አንዱ ሽማግሌ ሐውልት ማውረድ ታሪክ መሰረዝ ነው አለ። አንዲት መምህርት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይኑር፣ ልጆቼ አናት ላይ ግን አይቁም አለች። አንዱ ሐውልቱ ቢወርድ የኔ የቤት ኪራይ ይቀንሳል ወይ ብሎ ጠየቀና ከሁለቱም ወገን ተሳቀ። ወዲያው ስሜ ተጠራ።

ማይክራፎኑ ጋ ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። «የተከበሩ ሊቀመንበር፣ የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ እንዲሁም በዕድሜ የምትበልጡኝ አባቶችና እናቶች፣ እንደምን ዋላችሁ» ብዬ ጀመርኩ። እኔን ስደተኛውን ተቀብላ ሥራ የሰጠችኝን ከተማ አመሰገንኩ። ሚስ ዶሮቲን በስም ጠርቼ ልጄን ስላስተማሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ይህን ሐውልት አሥራ አራት ዓመት በገዛ እጄ በሳሙና አጥቤዋለሁ፣ እንደ ቤቴ ዕቃ ነው የማውቀው አልኩ። እኔ በመጣሁበት አገርም ሐውልት ሲቆምና ሲወርድ አይቻለሁ፣ ማፍረስ ቀላል ነው አልኩ። አሁን ጆሯቸው ተከፍቷል። እጄን ኪሴ ከተትኩና ወረቀቱን ያዝኩ።

«ግን» ልል አፌን ስከፍት ደቂቃው ማለቁን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ። ማይኩ ጸጥ አለ።

«እናመሰግናለን ጌታዬ። ቀጣይ» አለች ሊቀመንበሯ።

በሚስ ዶሮቲ በኩል ያለው ወገን አጨበጨበ። ከልቡ ነው ያጨበጨበው። አንዱ እንዲያውም ቆሞ ነው። ወረቀቱ ከኪሴ ግማሹ ወጥቷል። ያለ ማይክ መጮህ እችል ነበር፤ ድምፄ ትልቅ ነው። ዞር ብዬ ሳይ ግን ከኋላዬ ሠላሳ አርባ ሰው ተራውን ይጠብቃል፤ አንዲት ነፍሰ ጡር አለች፣ አንድ ምርኩዝ የያዘ አለ። የእነሱን ጊዜ ልውሰድ? አሁንም ይሉኝታ። ወረቀቱን መልሼ ኪሴ ከተትኩና ወደ ጎን ወጣሁ።

ክላረንስን ፈለግኩት። ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ በሩ እየሄደ ነው። አልተቆጣም፣ አልሰደበኝም። በአጠገቤ ሲያልፍ እንደማያውቀው ሰው ገለል ብሎልኝ ነው ያለፈው። ሚስ ኦፓል አልጋቸው ላይ ሆነው ቴሌቪዥኑን እያዩ እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቤቴ ስደርስ ነገሩ ቀድሞኝ ደርሷል። አንድ የሰፈር ዜና የሚጽፍ ድረ ገጽ ፎቶዬን ለጥፎ፣ ሐውልቱን የሚንከባከበው ጥቁር ሠራተኛ ራሱ አይነካብኝ ማለቱን ጽፏል። ሩት ስልኳን አሳየችኝ። «ዳድ፣ ወረቀቱስ?» አለችኝ። ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አየችው፣ አየችኝ፣ ክፍሏ ገባች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው ስልክ ጮኸ። የደወሉት ኤል ሴሪቶ የሚባል ከተማ የሚኖሩ፣ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት የመጡ፣ አሁን ጡረታ የወጡ የምናከብራቸው ትልቅ ሰው ናቸው።

«ታምራት! አየሁህ እኮ። አኮራኸን። እኛ ታሪክ የምናውቅ ሕዝብ መሆናችንን፣ ከነዚህ ጋር እንደማንደባለቅ አሳየሃቸው» አሉኝ።

ከነዚህ ጋር። የክላረንስ እናት ሾርባ አፌ ላይ መጣ። ጋሼ፣ ተሳስተዋል፣ እኔ የተጠራሁት ሌላ ነገር ላነብ ነበር ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «ያክብርልኝ ጋሼ» ነው። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ፊቴን ታጠብኩ። በሁለት ቀን ውስጥ አራተኛ ጊዜ ነው እንዲህ አፌ የታሰረው። ያን ጊዜ በራሴ ታከተኝ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ውስጥ የጠበቀኝ ሌላ ሰው ነው። ክላረንስ ሌላ ቡድን ውስጥ መድቡኝ ብሎ ጠይቋል አለኝ። አሥራ አራት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ቴርሞስ ተካፍለን! ቀኑን ሙሉ መጥረጊያው እጄ ላይ ከበደኝ። ሥራ እንደወጣሁ ዌስት ኦክላንድ ሄድኩ። አገር ቤት ቢሆን ድንጋይ ተሸክሜ፣ ሽማግሌ አስቀድሜ ነበር የምሄደው። እዚህ ማንን ላስቀድም? ሽማግሌው እኔው ነኝ፣ በዳዩም እኔው።

በሩን የከፈተው ክላረንስ ነው። የሽቦ በሩን ግን አልከፈተውም።

«ምን ፈለግክ?»

«ላስረዳህ።»

«ሁሉም ሰው ሰምቶሃል።»

«ጊዜው አለቀብኝ። ወረቀቱን ላወጣ ስል ነው የዘጉብኝ።»

«ለመናገር ጊዜ ነበረህ። ለሚስ ዶሮቲ ምስጋና ጊዜ ነበረህ። ለሳሙናው እንኳ ጊዜ ነበረህ።»

እውነቱን ነው። ከውስጥ የሚስ ኦፓል ድምፅ መጣ። «ክላረንስ፣ አስገባው።»

አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። በሩ ላይ ቆሜ እንደ ልማዴ «ሚስ ኦፓል፣ እንደምን ዋሉ፣ ጉልበትዎ...» ስል እጃቸውን አነሱ። በአሥራ አራት ዓመት ሰላምታዬን ሲያቋርጡኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«ወረቀቱ አለህ?»

«አለኝ።»

«አንብበው።»

ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። የቦታው ቁጥር፣ የመንገዱ ስም፣ ከነጭ ዘር በቀር የሚለው። አገልጋይ የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ እጃቸውን አየሁ። ጣቶቻቸው ተጣመዋል። የዚያ ነጭ ቤት ወለል የተወለወለው በእነዚህ ጣቶች ነው። እኔም በዚህ እጄ ያን የፈረመውን ሰው አሥራ አራት ዓመት ሰም ስቀባ ኖሬያለሁ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። ክላረንስ የተዘጋበት ቦታ ላይ፣ እዚያው ቃል ላይ። የእነሱ ጉዳይ ነው ስለው የኖርኩት ነገር እኔንም ስሜን ሳይጠራ ጽፎኛል። ያ አንቀጽ ሐበሻ ሲቀር አይልም።

«ጨርሰው» አሉኝ።

ጨረስኩት። እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ራቅ አድርጌ ይዤ ጨረስኩት።

ሚስ ኦፓል ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ጨዋ ነህ» አሉኝ። «እኔም ጨዋ ነበርኩ። አርባ ዓመት። በጓሮ በር ስገባ ጨዋ ነበርኩ፣ ይህን ወረቀት ሲያሳዩኝ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ነው የወጣሁት። የሚሰሙን በጨዋነታችን ልክ ቢሆን ኖሮ ይህ ወረቀት ድሮ ይነበብ ነበር።» ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ለኔ አነበብክልኝ። እኔ ግን የሚለውን አውቀዋለሁ። ለማያውቁት አንብብላቸው።»

«ከእንግዲህ ሕዝብ አይናገርም እኮ» አልኩ።

ያን ጊዜ ክላረንስ ከበሩ ላይ፣ ወደኔ ሳያይ፣ «ስብሰባ ሲከፈት፣ አጀንዳ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት፣ ማንም ስለፈለገው ነገር የሚናገርበት አንድ ደቂቃ አለ» አለ።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ፈቃድ ጠይቄ፣ ሱፌን ትቼ በሥራ ልብሴ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ሚስ ዶሮቲ ዘንድ ጎራ ብዬ «ዛሬ የምናገረው እርስዎን አያስደስትም፤ ከሰው ከሚሰሙ ከኔ ይስሙት» አልኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ አጭር ንግግር አድርጌ አላውቅም። ፊታቸው ተለወጠ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

አዳራሹ እንደ ባለፈው አልሞላም። ስሜ ሲጠራ ማይኩ ጋ ሄድኩ። የተከበሩ አላልኩም። እንደምን ዋላችሁ አላልኩም። ስሜን እንኳ አልተናገርኩም። ወረቀቱን ዘርግቼ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ አነበብኩ። ሰላምታ ሳልሰጥ ሰው ፊት መናገር ልብሴን ሳልለብስ የወጣሁ ያህል ነበር የከበደኝ። አገልጋይ የሚለው ጋ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ አላቆምኩም። ፊርማውን አነበብኩ። «ይህን ወረቀት ያስቀመጡት ሴት ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አሁን እያዩአችሁ ነው» አልኩ። ቀይ መብራቱ ሲበራ ቀድሜው ጨርሼ ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ከኮሚቴው አንዷ ብቻ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያስ አትሉኝም? ከዚያማ ኮሚቴው ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል ብሎ አስተላለፈው። እንዲህ ነው ነገሩ። እስከዚያው ድረስ ቀለም እንዳይደፋበት ተብሎ ባለ ባርኔጣው በጣውላ ሳጥን ተሸፈነ። ዛሬም ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ አልወረደም፣ አይታይም። እኔም ሳጥኑን ዞሬ ሣሩን አጭዳለሁ። ሰው ፍትሕ ይመጣል ሲለኝ አልከራከርም፤ ጣውላው እያረጀ መሆኑን ግን በየሳምንቱ አያለሁ።

ሚስ ኦፓል በቀጥታ አላዩኝም። መድኃኒቱ ከብዷቸው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። በማግስቱ ክላረንስ የስብሰባውን ቅጂ ከፍቶ አሳያቸው፤ ሦስት ጊዜ ደግመው አዩት። ይህን የነገረኝ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አለቃችንን ጠይቆ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበርና። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። ቴርሞሱን ከፍቶ ኩባያዬን ሞላልኝ።

ሚስ ዶሮቲ አምስት ወር አላናገሩኝም። አንድ ቀን ሣር ሳጭድ ጠሩኝ። በእጃቸው የሎሚ ከረጢት የለም፤ ወረቀት ነው የያዙት። የገዛ ቤታቸው ውል ነው። ያው አንቀጽ፣ ያው ፊርማ። «ስልሳ ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ ነበረ» አሉኝ። «አንብቤው አላውቅም።» ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አላስጨነቅኳቸውም። ባላቸው አግቢኝ ያሉበት ቦታ እኮ ያው ነው፤ የሰው ትዝታ እንደ ቀለም አይፋቅም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ልመክራችሁ አይደለም። ሽምግልና ድሮ ትቻለሁ። የታዘብኩትን ብቻ ልንገራችሁ። እኛ እሺ ስንል ያልተስማማንበትን ስንት ነገር ተስማምተን እንገኛለን። ሰው እንዳይቀየመን ብለን ለሁሉም እንስቃለን፤ መጨረሻ ላይ የምናስቀይመው አጥር ስንደረምስ ጥፋታችንን የወሰደልንን ሰው ነው። በእኛ ወግ «ግን» የሚባለው መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ሰሚውም ይጠብቃል። የሚጠብቅ ሰሚ በሌለበት ከ«ግን» መጀመር ይሻላል። ያን ሰሞን ኤል ሴሪቶ ስልክ ደወልኩ፤ ለጋሼ ማን እንደሆንን፣ ከማን ጋር እንደምንደባለቅ የመሰለኝን ነገርኳቸው። እስካሁን ለበዓል እንኳን አደረሰህ አላሉኝም። ከብዶኛል፤ አልጸጸተኝም።

ሚስ ኦፓል ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ በታደለው ወረቀት ላይ ከጓደኞች መሐል የኔ ስም አለበት፤ ከጎኑ «ሁለት ደቂቃ» ይላል። አጭር ነገር አዘጋጅቼ፣ በሰዓት ለክቼ ነበር የሄድኩት። ስሜ ተጠርቶ ስነሳ ክላረንስ እጄን ያዘኝ።

«ታም» አለኝ ጆሮዬ ላይ። «ዛሬ ሰላምታህን አታሳጥር። እሷ የምትወደው እሱን ነበር።»

የአስከሬኑ ሳጥን አጠገብ ቆምኩ። ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጠፍኩት። «ሚስ ኦፓል፣ እንደምን አደሩ» አልኩ። ጉልበትዎስ? እንቅልፍዎስ ተሻለዎት? ያ ሬዲዮ ተሠራ? የጎረቤትዎ ድመትስ ተመለሰች? አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ከኋላ ሰው ሲስቅ ሰማሁ፣ ሲያለቅስም ሰማሁ። ማንም መብራት አላበራብኝም። ሰላምታዬን ጨርሼ ተቀመጥኩ፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም።